በጥጥ እርሻው ቤት ያልተበላ ድግስ

ስልኩ ሲጠራ ኢንስፔክተር ፋሪሃ አዋሽ ከተማ ነበረች። ከሰመራ የወረደችው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱም ገና አላለቀም።

«መልካ ወረር ሰው ተገድሏል» አላት የአካባቢው ፖሊስ ሳጅን ሐብታሙ። «ግን አታስቢ፣ ገዳዩን ይዘነዋል።»

«ከያዛችሁት እኔን ምን አድርጊ ነው የምትሉኝ?»

ሐብታሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የታሰረው አፋር ሽማግሌ ነው፣ ሟቹ ወሎዬ። የሽማግሌው ጎሳ በር ላይ ቆሟል፤ የከተማውም ሰው ከወዲህ ቆሟል። እስከ ማታ እንዲህ ከቆሙ ሌላ ሬሳ መቁጠራችን ነው።»

«ሬሳውን ማንም እንዳይነካ፣ መጣሁ» አለች ፋሪሃ። ገዳይ በቶሎ ሲገኝ ደስ አይላትም። በሥራ ዘመኗ እንዲህ በቶሎ የተገኙ ገዳዮችን ስታስፈታ ኖራለች፤ ለዚህም ያመሰገናት አለቃ የለም።

ቤቱ ከወንዙ ፊት ለፊት የተሠራ አሮጌ ቤት ነው። በጥጥ ዘመን የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ለእርሻው አስተዳዳሪ ሠሩት፤ እነሱ ሲሄዱ ፍየል አደረበት። ሟቹ፣ የባቲው ልጅ ከድሩ፣ ጅቡቲ ሆቴል ቤት ለዓመታት ምግብ ሲያበስል ኖሮ ተመልሶ ከመስተዳድሩ ተከራየው። የጭነት ሾፌሩም፣ የምርምር ጣቢያው ሠራተኛም፣ ከብት አርቢውም ባንድ ገበታ የሚበላበት ቤት ላደርገው ነው ሲል ብዙ ሰው ሳቀበት። እሱ ግን ግድግዳውን አስለሰነ፣ በረንዳውን አስጠገነ፣ የኋላውን የጥጥ መጋዘን ወጥ ቤት አደረገው። ምርቃቱ ለዚህ ቅዳሜ ነበር።

አሁን እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተጋድሟል።

ፋሪሃ በሩ ላይ ቆማ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈንክቷል። ደሙ ያለው ግን ሬሳው ካለበት ራቅ ብሎ፣ በአዲሱ ምድጃ የድንጋይ ጠርዝ ላይ ነው። ሰውየው በቀኝ ጎኑ ተኝቷል፤ ዓይኖቹ ተከድነዋል፣ እግሮቹ ተዘርግተዋል፣ ሸሚዙ ወደ ታች ተጎትቶ ተስተካክሏል።

«ማን ነካው?»

«ማንም» አለ ሐብታሙ። «ግንበኛው ጋሽ አምባዬ ጠዋት ሲመጣ አገኘውና እየጮኸ ወጣ። እኔ ደርሼ በሩን ቆለፍኩ።»

ፋሪሃ ወደ ደጅ ወጣች። ቀኝ እጇን ወደ ፀሐይ መውጫ ዘርግታ ጥቂት ቆመችና ተመልሳ ገባች። የከድሩ ፊት ያየው በሰሜንና በፀሐይ መውጫ መካከል ነበር።

«ምን እየፈለግሽ ነው?» አለ ሐብታሙ።

«አቅጣጫ። እኔም እንደ ሰው አንዳንዴ ይጠፋብኛል» አለችው። መቀለዷ ይሁን የምሯን አልገባውም።

አምባዬ በረንዳው ጥግ ቁጭ ብሎ ኮፍያውን ይጠመዝዛል። ክርስቲያን ነው፤ ይህን ቤት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጠገነው እሱ ነው።

«ጋሽ አምባዬ፣ ሲያገኙት አላነሱትም? አላገላበጡትም?»

«ኧረ በማርያም! ደሙን ሳይ ጮኼ ወጣሁ እንጂ። መጀመሪያማ የተኛ ነበር የመሰለኝ።»

«ሌሎቹ ሠራተኞችስ የት ናቸው?»

«የሉም። ለሥጋ መጥበሻው ጉድጓድ ስንቆፍር የተደረደረ ድንጋይ አገኘን፤ ከሥሩ አጥንት። አሁን የታሰሩት ሽማግሌ፣ አባባ አብዱልሰመድ፣ የጎሳችን የጥንት መቃብር ነው አሉ። ከድሩ ያን ዕለት ሥራውን አስቁሞ ሠራተኛውን ሁሉ አሰናበተ። የቀረነው ቤተሰቡ፣ የቀን ዘበኛው አባባ አብዱልሰመድና እኔ ብቻ ነን።»

«ከአብዱልሰመድ ጋር ተጣልተው ነበር?»

«በአጥንቱ ጊዜማ ተጯጯኹ። ትናንት ግን አብረው ነበሩ። እንዲያውም በሳቸው ነገር ነው የመስገጃውን ምንጣፍ ስንጎትት ያመሸነው፤ አንዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ስለ ምንጣፉ በዝርዝር የነገረቻት የሟች ሚስት ዙሌይካ ናት። ከበረንዳው ቀጥሎ ባለው የስግደት ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ለቅሶዋ አልቆ ድምፅዋ ተዘግቷል።

ፋሪሃ ወለሉን አየች። ሊሾው በፀሐይና በእግር ብዛት ነጥቷል፤ ባንድ በኩል ግን ቀይ ቀለሙን ያለቀቀ ረጅም ቦታ አለ፣ ከግድግዳው ጋር እኩል የተሰመረ። ምንጣፉ አሁን ያለው እዚያ ላይ አይደለም፤ ግድግዳውን ትቶ ወደ ግራ ዞሯል።

«መቼ አዞራችሁት?»

«ትናንት፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል፣ ልክ ከመግሪብ ስግደት በፊት። እኛ ስንገባ ግድግዳውን አይተን ነበር ያነጠፍነው። አባባ አብዱልሰመድ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ገብተው ሲያዩ 'ቂብላችሁ ጠሟል፣ መካ በዚህ አይደለም' አሉን። ከድሩ ሳቀ፣ አስታግፊሩላህ አለና ያኔውኑ አስተካከለው። ከዚያ ሰገድን።» ወደ ምንጣፉ እያየች፣ «የመጨረሻ ስግደቱ ነው። እንኳን አቀናው» አለች።

«ከዚያስ?»

«ጋሽ አምባዬና አባባ ሄዱ። እሱ ወጥ ቤት ሥራ አለኝ አለ። ጄኔሬተሩ ይጮሃል፣ ሙቀቱ አድክሞኛል፤ ተኛሁ። ምንም አልሰማሁም፣ ኢንስፔክተር። ባሌ ሲሞት ተኝቼ ነበር።»

ፋሪሃ የዙሌይካን ትከሻ ነክታ ወጣች።

የዙሌይካ ታናሽ ወንድም ሙእሚን ጓሮ ባቆመው ፒካፕ ላይ ተደግፏል። ዱሮ በጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪና ረዳት ነበር፤ ከድሩ ከዚያ አውጥቶ ሽንኩርት ከመክተፍ ጀምሮ ሙያውን አስተማረው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ትናንት ቀትር ላይ ጋሼ ከድሩ ዓሳ አምጣ ብሎኝ አዋሽ ሄድኩ» አላት። «እዚያው አደርኩ። ዛሬ ጠዋት ዓሳውንና በረዶውን ጭኜ ስመጣ ይህን መዓት አገኘሁ።»

«የንጋቱን ስግደት፣ ሱብሒን፣ የት ሰገድክ?»

«መንገድ ላይ።»

«እዚህ ስትሆንስ?»

«ከጋሼ ጋር ነዋ፣ ቤት ውስጥ። እሱ ነው የሚያሰግደን።»

«ሬሳውን አይተኸዋል?»

«አልገባሁም። አላስገቡኝም።»

ፋሪሃ የዓሳውን ሳጥን ከፈተች። ዓሳው ለብ ያለ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ክዳኑን ቀስ ብላ መለሰችውና ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

አብዱልሰመድ ካቴና እንደገባለት ፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። ጺሙን ሂና የተቀባ፣ ቀጥ ያለ ሽማግሌ ነው። ከአጥሩ ውጭ የቆሙት ወጣቶች ዓይናቸውን ከእሱ አልነቀሉም።

«አባቴ፣ ለምን ተጣላችሁ?»

«አጥንት ላይ ሥጋ ሊጠብስ ነበራ! እኔ ተቆጣሁ። እሱ ግን ሰው ነው፣ ሰምቶ አሰበ። ትናንት ጠራኝ፤ 'ቤቱን ለመስተዳድሩ መልሼ መሬቱ ለናንተ እንዲሰጥ እጠይቃለሁ፣ ነገ አብረን እንሂድ' አለኝ። ነገ የተባለው ዛሬ ነው።»

«ይህን ማን ሰምቷል?»

«እሱና እኔ። እሱ ሞተ። እኔን ማን ያምናል?»

ፋሪሃ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው። ለምርቃቱ የተደረደረው ረጅም ገበታ ስለነበር በዙሪያው ተቀመጡ፤ የሚበላ ነገር ግን አልነበረበትም። አብዱልሰመድ ካቴናውን ገበታው ላይ አሳረፈ። ሙእሚን ከእህቱ አጠገብ ተቀመጠ።

«ከድሩ ተገፍቶ ነው የሞተው» ብላ ጀመረች። «ጭንቅላቱ ከምድጃው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ደሙ እዚያ ነው፣ ሬሳው ግን እዚያ አይደለም። የገደለው ሰው ስቦ አጋደመው፣ ዓይኑን ከደነ፣ ልብሱን አስተካከለ፣ በቀኝ ጎኑ አስተኝቶ ፊቱን ወደ ቂብላ አዞረ። ጠላት ይህን አያደርግም። የሚወደው ሰው ነው ያደረገው፤ ሙስሊምም ነው።»

«አባባም ሙስሊም ናቸው» አለ ሐብታሙ፣ የያዘውን እስረኛ ላለመልቀቅ።

«ናቸው። መካ ከዚህ አገር በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው፤ እሳቸው ከልጅነት ጀምሮ በዚህ ሜዳ በፀሐይና በኮከብ ሲሄዱ የኖሩ ሰው ናቸው፣ አይስቱትም። የከድሩ ፊት ግን ሰሜንን ስቶ ወደ ፀሐይ መውጫ አጋድሏል። ያ የማን ቂብላ ነው ብዬ ሳስብ፣ መልሱን የስግደት ክፍላችሁ ወለል ላይ አገኘሁት። ምንጣፉ ድሮ የነበረበት ቦታ ነው። ሬሳው ልክ በዚያ አቅጣጫ ነው የተኛው።»

ዙሌይካ ቀና አለች።

«እዚህ ቤት እየሰገደ የለመደ ሰው ነው እንግዲህ። ግን ምንጣፉ ትናንት ከመግሪብ በፊት ዞሯል። አባባ አብዱልሰመድ ያውቃሉ፣ ስህተቱን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ዙሌይካ በአዲሱ ሰግዳበታለች። ጋሽ አምባዬ ጫፉን ይዘው ጎትተዋል። ከከድሩ ጋር እዚህ ሲሰግድ የኖረ፣ መዞሩን ግን ያላወቀ አንድ ሰው ብቻ አለ። እሱ ያኔ አዋሽ ነበር።»

ማንም ወደ ሙእሚን አልዞረም። መዞር የፈራ ይመስል ሁሉም ገበታውን አየ።

«አዋሽ ነው ያደርኩት አልኩሽ እኮ» አለ ሙእሚን።

«እኔም ዛሬ ከአዋሽ ነው የመጣሁት። መንገዱ አጭር ነው። ጠዋት የተጫነ በረዶ በዚህች መንገድ ለብ ያለ ውሃ አይሆንም። አንተ ትናንት ማታ ጭነህ መጥተሃል፤ ሌሊቱን መኪናው ውስጥ የሆነ ቦታ ቆመህ አነጋኸው። ከድሩ ደውሎልህ ነበር፣ አይደለም? ቤቱን እንደሚመልስ የነገረው ለአባባ ብቻ አይደለም።»

ሙእሚን የተናገረው ለእህቱ ነበር።

«'ምርቃቱ ቀርቷል' አለኝ። በቃ፣ እንደ ቀላል ነገር! እኔ ከመኪና ሥር ጋደም ብዬ ነው ያደግኩት፣ ዙሌይካ። ይህ ቤት ብቻ ነበር ሰው ያደረገኝ። ለመንኩት። 'የሰው መቃብር ላይ እንጀራ አይበላም፣ ሌላ እንፈልጋለን' አለ። የት? የት ነው ሌላው? ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው፣ ወላሂ! ከዚያ እንደዚያ ተጣምሞ ትቼው መሄድ አቃተኝ።»

«ጠርተኸኝ ቢሆንስ?» አለች ዙሌይካ። «ሽማግሌው ሲታሰሩስ ቆመህ አየህ?»

ሙእሚን ሁለት እጁን ወደ ሐብታሙ ዘረጋ።

«ሬሳውን ባትነካው ኖሮ አባባን ይዤ እሄድ ነበር» አለች ፋሪሃ። ይህን ስትል ቁጣ አልነበራትም፤ ደክሟት ነበር።

ሐብታሙ ካቴናውን ከሽማግሌው እጅ አውልቆ ለወጣቱ አጠለቀ። አምባዬ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። ከአጥሩ ውጭ የቆሙት አብዱልሰመድ ሲወጣ ከበው ተቀበሉት፤ ዛሬ የሚፈስ ሌላ ደም እንደሌለ ታወቀ። ፋሪሃ ከሥራዋ ያተረፈችው ይህን ብቻ ነው።

ዙሌይካ ሽማግሌው ወደ ቆመበት በር ሄደች። «አባባ፣ እሱ የገባውን ቃል እኔ እፈጽማለሁ።»

«ውሉ በእሱ ስም ነው፣ ልጄ» አላት። «እሱ ከሌለ ለሌላ ይሰጡታል። የሚመጣው ሰው አጥንት አይቶ የሚያቆም አይሆንም። አንድ እሱ ነበር፤ እሱንም ገደላችሁት።» ክፉ ለመናገር ብሎ አልነበረም፤ እውነቱን ነው የተናገረው። ወጣቶቹን አስከትሎ ሄደ።

ከመስጊድ የመጡት ሰዎች ሬሳውን ለማጠብ ውሃ ጠየቁ። ወደ መቃብር አብሮ የሚያወርደው የቅርብ ዘመድ ማን እንደሆነም ጠየቁ። ከድሩ በዚህ አካባቢ ከሙእሚን ሌላ አልነበረውም፤ እሱ ደግሞ ከፖሊሱ መኪና ኋላ ተቀምጦ ነበር።

የዙሌይካ ስልክ ጮኸ። ከባቲ እናቷ ናት። ወሬው ግማሹ ደርሷታል፣ ከድሩ መሞቱ ብቻ። ሴትየዋ እየጮኸች ታለቅሳለች፤ ድምፅዋ ፋሪሃ እስካለችበት ይሰማል።

«ወንድምሽስ ልጄ? ሙእሚን አጠገብሽ ነው? እሱ ስላለልሽ አልሐምዱሊላህ፤ እስቲ አቅርቢልኝ፣ ድምፁን ልስማው!»

ዙሌይካ መኪናው ሞተሩን ሲያስነሳ ተመለከተች። ወንድሟ ከኋላው መስኮት አንገቱን ደፍቶ ነበር። መኪናው ከግቢው እስኪወጣ ጠበቀች።

«እማ» አለች፣ «ሁለቱም ሞተዋል።»

ፋሪሃ ሰማች፣ አላረመቻትም። ወደ አዋሽ ለመመለስ ሾፌሯን ጠራች።