የተጣደፈው ድምፅ

«ተናገር፤ ድምፅህን ልለካ» አለችው፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው።

«ምን ልበል?»

«ያሰኘህን።»

«እንግዲያውስ... ሹራብሽን ገልብጠሽ ለብሰሻል።»

የድምፅ ባለሙያዋ ደንግጣ ወደ ትከሻዋ አየች። እውነቱን ነው! ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ፣ ማይኩ ፊት የተቀመጠው መምህር ሳቁን አፍኖ አቀርቅሯል። ትውውቃቸው እንዲህ ጀመረ።

መምህሩ ጉሮሮው ውስጥ ክፉ እጢ ወጥቶበት ነበር። ሐኪሞቹ ከሦስት ሳምንት በኋላ ማንቁርቱን ሊያወጡት ቀን ቆርጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅ የለውም። እናቱ ደግሞ ዓይናቸው አያይም። ሟች አባቱ በወጣትነታቸው የጻፉላቸውን ደብዳቤዎች ዘወትር የሚያነብላቸው እሱ ነው።

«ድምፄ ሲሄድ እማዬ ሁለተኛ እንዳይጨልምባት» ብሎ ሊያስቀዳ መጣ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እሱ አነበበ፣ እሷ ቀዳች። የሌላ ሰው የፍቅር ደብዳቤ በእሱ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ሲንቆረቆር ሰነበተና ልቧ ሳታውቀው ከእጇ ወጣ። በመጨረሻው ቀን ልትነግረው አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«አውቃለሁ... እኔም እንዳንቺው ነኝ። ግን ነገ ድምፅ ለማይኖረው ሰው ዕድሜሽን አትስጪ። ተይኝ!»

ትቷት ሄደ።

የቀዶ ሕክምናው ቁስል ሲጠግግ እናቱን ደግፎ ስቱዲዮ መጣ። አንገቱ ላይ ፋሻ፣ እጁ ላይ ደብተር። እናትና ልጅ መነጋገሪያ አጥተዋል፤ እሱ ቢጽፍ እሳቸው አያዩ፣ እሳቸው ቢጠይቁ እሱ መመለሻ የለው።

«በይ፣ ልጄን አሰሚኝ» አሉ እናቱ።

ከፈተችው። ከድምፅ ማጉያው የወጣው ግን ቀጠን ያለ፣ የሚጣደፍ፣ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር!

የእናቱ ፊት ተለዋወጠ። «ይሄ ማነው? ማን ነው ልጄን መስሎ የሚለፈልፈው? የኔ ልጅ አይደለም!»

«እማማ፣ አንዴ ይቆዩ...»

መምህሩ ደብተሩ ላይ ሞነጫጭሮ ፊቷ ላይ ደቀነው። «ያለኝን ሁሉ ላንቺ ሰጠሁ። ተይኝ ስላልኩሽ እንዲህ ትቀጪኝ?» እናቱን ይዞ ወጣ፤ በሩ ድርግም አለ።

ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ፋይሉ ተበላሽቶ ቢሆንስ? ሁለተኛ የሚቀዳ ድምፅ የለም! ዝርዝሩን ከፈተች። ድምፁ የተቀዳው በሰከንድ አርባ አራት ሺህ አንድ መቶ ጊዜ እየተለካ ነው። ድምፁን የሚያጫውተውን የሳውንድ ካርድ ማስተካከያ ስታይ ግን አርባ ስምንት ሺህ ይላል! ትናንት ለፊልም ሥራ ራሷ ቀይራው፣ ሳትመልሰው ረስታለች። ካርዱ በየሰከንዱ ከሚገባው በላይ ልኬት እያጫወተ ድምፁን አጣደፈው፤ አቀጠነውም። ቁጥሩን መልሳ ከፈተችው። ራሱ ነው! እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ፋይሉን ላፕቶፗ ላይ ገለበጠች፤ የላፕቶፑንም ካርድ አርባ አራት ሺህ አንድ መቶ ላይ አድርጋ ቤታቸው በረረች።

በሩን የከፈተው መምህሩ ነው። ሲያያት ሊዘጋው ገፋ፤ እግሯን አስገባች።

«ጥፋቱ የኔ ነው! አንድ ቁጥር ቀይሬ ረሳሁ። ድምፅህ አልተነካም። አንድ ደቂቃ ብቻ!»

ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። የእናቱ ልብ ዳግም ሲሰበር ማየት አልፈለገም።

«ማነው?» አሉ እናቱ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ልጅዎን ይዤ መጣሁ።»



«አስገባት» አሉ።

ላፕቶፑን እግራቸው ሥር አስቀምጣ ድምፁን ከፈተችው። ወፈር ያለ፣ የረጋ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «ውዴ፣ ትናንት በደጅሽ ሳልፍ...»

የእናቱ እጆች አየሩን ዳበሱ። «ልጄ... ልጄ ነው! እሱ ራሱ ነው!» አሉና እንደ ሕፃን አለቀሱ።

መምህሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቆየ። ከዚያ ደብተሩ ላይ ረጅም ነገር ጻፈና ሰጣት። ከላይ «ለእማዬ አንብቢላት» ይላል።

«"እማዬ፣ ይህችን ልጅ ሳላጣራ አስከፋኋት። ተይኝ ያልኳትም ከልቤ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። እሺ ካለችኝ..."» ማንበቧን አቋረጠች። «እማማ፣ እኔ ይህን ማንበብ አልችልም!»

«ጨርሺው እንጂ!»

«"...ላገባት እፈልጋለሁ።"»

እናቱ ከእንባቸው መሃል ሳቁ። «እሱ ጻፈ፣ አንቺ አነበብሽ። ታዲያ መላሽ ጠፋ እንዴ?»

«እሺ...» አለች።

«አልሰማሁም!»

«እሺ ብያለሁ!»

በሁለት ወሩ ተጋቡ። ዛሬ እሱ ይጽፋል፣ እሷ ታነባለች፣ እናቱ ይመልሳሉ። ሚስቱን ለእናቱ ሲያማ እንኳ የምታነበው ራሷው ናት፤ አንድ ቃል ሳትዘል።