ከግብፅ ያመጣሁት አሸዋ

ጎረቤቴ አቻምየለሽ በአጥሩ በኩል ስታንሾካሽክ ሰማኋት።

"እነ ያለምወርቅ ቤት እንኳን ምግብ ውሃም አልቀምስ!" ትላለች።

ያለምወርቅ እኔ ነኝ። አልተቀየምኳትም... በሷ ቤት ደርሶ ቢሆን እኔ እስከ ሳሪስ አቦ ነበር የማዳርሰው።

ግን እሷ የምታውቀው ግማሹን ነው። ሌላው ግማሽ እኔ ጋ ነው ያለው። በልጅ ልጄ እምላለሁ፣ የሆነውን ነው የምነግራችሁ። ሌላ ጊዜ ጨመር አደርጋለሁ፣ አልዋሽም... ዛሬ ግን አልጨመርኩም።

የሆነው ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። አቃቂ በሰቃ፣ እዚሁ በገዛ ቤቴ፣ ፀሐይዋ በመስኮት እየገባች።

አሁንም በሩን ቆልፌ ነው የማወራችሁ። ቁልፉን ጡቴ ስር ሸጉጬዋለሁ። ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል።

የልጅ ልጄ ዮዲ ስድስት ዓመቷ ነው። ትሰማለች፣ ትስቃለች... ግን አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም።

እናቷ ልዕልት ቂሊንጦ ፋብሪካ ፈረቃ ስትገባ እኔ ነኝ የምይዛት። የጎረቤት ልጅ "እማዬ" ሲል በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ተሳልኩ። ግብፅ ድረስ ሄጄ ከአንድ ገዳም እምነት ላመጣላት። እምነት ያው የታመመ የሚቀባው የተባረከ አፈር ነው። ባለፈው ወር የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ሲሄድ እኔም ሄድኩ።

ገዳሙ ደረስን። አባ እምነቱን ሲያድሉ እኔ የት ነበርኩ?

አውቶቡሱ ጥላ ስር... ከአንዲት የደብረ ዘይት ሴትዮ ጋር ሰው እያማሁ!

ወሬው ጣፈጠኝ። ቀና ስል እምነቱ አልቋል።

ባዶ እጄን ምን ብዬ ልመለስ?

በማግስቱ አስጎብኚያችን "ቱሪስት የማያውቀው ቦታ ላሳያችሁ" ብሎ አባይን በጀልባ አሻገረን። ዳር ዳሩ ለምለም ነው። ትንሽ ወጣ ስትሉ ግን በረሃ። ሳር የለ፣ ወፍ የለ። የድሮ መቃብሮች አፋቸውን ከፍተው ተደርድረዋል።

"ይሄ የማነው?" አልኩት አስጎብኚውን ልጅ።

"እንጃ። ስም የለውም።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እማማ... እዚህ ምንም አይንኩ።"

ሌሎቹ ፎቶ ሲነሱ እኔ ቀስ ብዬ ወደ አንዱ ጉድጓድ ወረድኩ። ጥንታዊ የሆነ ሁሉ ቅዱስ መሰለኝ።

አሸዋው ከላይ እሳት ነው። እጄን ሰደድ ሳደርግ ግን... ቀዘቀዘኝ።

ረጥቧል።

እምነት ሲወሰድ የታመመው ሰው የክርስትና ስም ይጠራል። ይሄን ስም እኛ ለጎረቤት እንኳን አንናገርም፣ ክፉ ሰው እንዳይሠራበት። እኔ ግን ጉድጓዱ ላይ ጎንበስ ብዬ የዮዲን ሦስቴ ጠራሁት።

"ወለተ ሐና... ወለተ ሐና... ወለተ ሐና። አፏን ፍታላት።"

ሲነፍስ የነበረው ነፋስ ቆመ።

ሰው ሲያዳምጥ ትንፋሹን እንደሚይዘው... እንደዚያ ነው የሆነው።

ቶሎ ቶሎ አሸዋውን በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቼ ወጣሁ። አቃቂ ስገባ ለጠየቀኝ ሁሉ "ከገዳሙ ነው" አልኩ።

ጠርሙሱን ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። ሲነጋ አሸዋው ረጥቧል። ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ደረቀ። ሲነጋ... ደግሞ ረጥቧል።

"የአገሩ አሸዋ እንዲህ ነው ይሆናል" ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዮዲን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ግንባሯንና ጉሮሮዋን ቀባኋት። ከዚያ ከኋላዋ ዞሬ ፀጉሯን ስሰበስብላት...

"ወለተ ሐና።"

ቀጭን ድምፅ። የልጅ ድምፅ።

እልልታዬን አቀለጥኩት! ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ መጣ። አቻምየለሽ ቀድማ ገባች፣ ለወሬ ጊዜ ጉልበቷን አያማትም።

"ተናገረች? ዮዲዬ ተናገረች? እስቲ ዝም በሉ!"

"ነይ" አለ ድምፁ።

"እናቷን እኮ ነው! ልዕልትን ነይ እያለቻት ነው!" አቻምየለሽ እንባዋ መጣ።

"ወለተ ሐና... ነይ።"

"ወለተ ሐና ደግሞ ማናት?" አለች አንዷ።

እልልታዬን አቋረጥኩት።

ያንን ስም ጮክ ብዬ የጠራሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ዮዲ ጀርባዋን እንደሰጠችን ነው። ዞሬ ፊቷን ማየት ፈራሁ። ሰው ያጨበጭባል፣ ይስማል፣ ያለቅሳል። ልናገር? ምን ብዬ? ስም ከሌለው መቃብር ዘግኜ ቀባኋት ልበል? አሸዋውን ልመልሰውስ ብል... የቱ መቃብር ጋ ብዬ?

ባለሱቋ ጓደኛዬ ፊርዶስ ያኔ ገባች። ሰዉን በክርኗ እየገፋች አልፋ ዮዲ ፊት ተንበረከከች። አገጯን ቀና አድርጋ አየቻት።

"ነይ" አለ ድምፁ።

ፊርዶስ ወደኛ ዞረች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"እናንተ እልል የምትሉት ለማነው? ልጅቷ አፏን አልከፈተችም እኮ!"



 አቻምየለሽ ወደ በሩ አፈገፈገች።

"ወለተ ሐና... ነይ።"

ዮዲ ከንፈሯ እንደተገጠመ ዞራ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

ከዚያ ጎንበስ ብላ... ጫማዋን ማድረግ ጀመረች።