በረንዳ ያልደረሰው ዳኛ

ጡረተኛው ዳኛ መስኮት በሌለው የመርከብ ክፍላቸው ወለል ላይ ተደፍተው የተገኙት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ልጃቸው አንኳኩታ መልስ ብታጣ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ በሩን ከፈተችላት። መብራቱ ቦግ ብሎ በርቷል። የዳኛው ጥፍሮች ተሰባብረዋል፤ ግድግዳው ተቧጭሯል።

«ልባቸው ነው» አለ የመርከቡ ሐኪም።

የመርከቡ ጥበቃ መርማሪ ወንበር ላይ ወጥቶ ከቁም ሣጥኑ አናት አንዲት ብልቃጥ አወረደ። ደረት ሲወጋ ከምላስ ሥር የሚደረግ ክኒን ነበረባት።

«ልቡን የሚያመው ሰው መድኃኒቱን እዚህ ይሰቅላል እንዴ?»

በሩ ሥር እንደ ገመድ የተጠቀለለ ፎጣ ወድቋል። በዚህ መርከብ የክፍል መብራት የሚበራው የበሩ ካርድ ግድግዳው ላይ ካለው ማስገቢያ ሲገባ ነው፤ ሲወጣ ይጠፋል። መርማሪው ካርዱን መዘዘና በዳኛው በር ሞከረው። አልከፈተም። ኪሱ ከተተው።

መጀመሪያ ያነጋገረው ልጃቸውን ነው።

«ክፍሎቹን የመረጡት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ። ጉዞው የአባባ የሰባኛ ዓመት ልደት ስጦታ ነበር። ለእሱ ባለ በረንዳውን፣ ለእኔና ለወንድሜ ባለ መስኮቶቹን፣ ለአክስቴ መስኮት አልባውን ያዝኩ። ስንሳፈር ግን የአባባና የአክስቴ ተለዋውጦ ጠበቀን። እሷ ‹ልቀይርህ› ብትለው ‹ከአንቺ ምጽዋት አልቀበልም› አለ። ኩራቱን ሁላችንም እናውቃለን።»

ወንድሟ ፊቱን እንዳጠቆረ ገባ።

«ትናንት ራት ላይ አባትዎን ‹ሞተህ ባረፍነው› ብለዋቸዋል» አለው መርማሪው።

«ብያለሁ። የማገባትን ልጅ ሰደበብኝ። ዛሬ ከምሳ በኋላ ግን መዋኛው ዳር ዳማ ስጫወት ነበር። ምስክር ከፈለጉ ያሸነፉኝ ሁሉ ይመሰክራሉ፤ ብዙ ናቸው።»

አክስትየዋ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ባሕሩን ታያለች። የልጆቹ እናት እህት ናት፤ ያሳደገቻቸውም እሷ ነች።

«ደህናው ክፍል ደረሰዎት፣ እማማ።»

«ሰጡኝ፣ ተቀበልኩ።»

«ከምሳ በኋላ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ከዚህች ወንበር ንቅንቅ አላልኩም።»

«ሟቹን ይወዷቸው ነበር?»

«የእህቴ ባል ነው። እህቴ ከሞተች ሃያ አምስት ዓመቷ።»

«ጥያቄዬን አልመለሱልኝም።»

«መልሼልሃለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋን አገኛት።

«ዛሬ ለስንት ሰው በር ከፈትሽ?»

«ለሁለት። አሥር ሰዓት ገደማ ባለ በረንዳዋ እማማ ‹ካርዴ እምቢ አለኝ› አሉኝ። ኋላ ደግሞ የዳኛውን ለልጃቸው።»

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም ባዶው የምግብ አዳራሽ ሰበሰባቸው። ብልቃጧን፣ ፎጣውንና ካርዱን ጠረጴዛው ላይ እያስተካከለ ደረደረ።

«ምን ይንቀረፈፋል ይሄ ሰውዬ!» አለ ወንድምየው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የጉዞ ወኪሉ እንደነገረኝ፣ ከመሳፈራችሁ ሳምንት ቀደም ብሎ አንዲት ሴት ደውላ ‹ልጃቸው ነኝ፤ የአባቴና የአክስቴ ክፍል ይለዋወጥ› ብላለች።»

«እኔ አልደወልኩም!» ልጅቱ ብድግ አለች።

«አልደወሉም። መራጯ እርስዎ ነዎት፤ ቢፈልጉ መጀመሪያውኑ እንደዚያ ይመርጡ ነበር። መለወጥ የሚያስፈልገው ላልመረጠ ሰው ነው። ደግሞስ መስኮት አልባው ክፍል ለምን ተፈለገ? በረንዳ ባለበት በቀን ጨለማ አይገኝም። እዚያኛው ውስጥ ግን ካርዱን መዝዘው የበሩን ሥር በፎጣ ቢደፍኑት፣ በጠራራ ፀሐይ የገዛ እጅዎን አያዩም። ዳኛው ከእንቅልፋቸው ነቁ። መብራት የለም፣ መድኃኒቱ ከቦታው የለም። ሁሉም ካበቃ በኋላ ገዳዩ መብራቱን ሊያበራ ካርድ መለሰ። በጨለማ ሁለት ካርድ ይዞ ነበርና፣ ተሳስቶ የራሱን ከተተ።» ካርዱን አነሣ። «ይህ የሚከፍተው ባለ በረንዳውን ክፍል ነው። የዳኛውን ይዘው የሄዱት እማማ በራቸው እምቢ አላቸው። ከወንበር ያልተነሣ ሰው ደግሞ በር አያስከፍትም።»

አክስትየዋ ፊቷ አልተለወጠም።

«ከምሳ ደግፌ አስገባሁት፤ እስኪያንቀላፋ ጠበቅኩ» አለች። «እህቴን ‹አብዳለች› ብሎ ጓሮ መስኮት የሌለው ዕቃ ቤት ቆልፎባት ነበር፤ ሁለት ዓመት። በሩን ስትደበድብ እሰማለሁ፤ ቁልፉ ከኪሱ አይወጣም። እዚያው ሞተች። ብከስ፣ የሚፈርዱት ጓደኞቹ ናቸው። ትናንት በሩን ከውስጥ ተደግፌ ቆምኩ። በጨለማው ‹ማነው?› አለኝ። የእህቴን ስም ነገርኩት። ከዚያ ወዲያ ጩኸቱ ለጆሮዬ ዜማ ነበር። ጸጸት እንደሆነ ፈትሹኝ፣ አታገኙም።»

ወንድምየው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ልጅቱ ግን ወደ አክስቷ ተጠጋች።

«እናቴ ሆስፒታል ሞተች ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ልጅ ነበርሽ።»

«አሁን ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው! ብትነግሪኝ ፊቱ ቆሜ እጠይቀው ነበር። እያየሁት ያፍር፣ አንገቱን ይደፋ ነበር። አሁን ማንን ልጠይቅ? የእኔንም ድርሻ ቂም ብቻሽን ጨረስሽው።»

አክስትየዋ እጇን ዘረጋችላት።

ልጅቱ አልያዘችውም።