ምትኬ ብዬ የጻፍኩበት እንቁላል

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን የማይፈልግ ይተወው... እኔም ባላምነው ደስ ይለኝ ነበር።

ሄይዋርድ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ የአንደኛ ክፍል ረዳት መምህር ነኝ። ዕለቱ ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ፤ ፀሐይዋ ቦግ ብላለች።

ያኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዶኛል። ሦስተኛዋ ሴት መሆኗን ሲነግሩኝ በልቤ ስም አወጣሁላት።

ምትኬ።

ለባሌ ለኤርምያስ እንኳን አልነገርኩትም።

ክፍላችን ውስጥ ኢንኩቤተር፣ የእንቁላል ማሞቂያ ሣጥን አለ። ልጆቹ ጫጩት እንዴት እንደሚፈለፈል እንዲማሩ አሥራ ሁለት እንቁላል አስገባን። አሥራ አንዱ ላይ ልጆቹ በእርሳስ ስም ጻፉ። አሥራ ሁለተኛውን መምህሯ ለእኔ ሰጠችኝ።

ማንም አያነበውም ብዬ በአማርኛ «ምትኬ» ብዬ ጻፍኩበት።

እጄን በቆረጠው።

በሳምንቱ በባትሪ ስናያቸው አሥራ አንዱ ውስጥ ደም ስር ይታያል። የእኔው ባዶ ነበር። መምህሯ ልትጥለው ስትል ለምኜ አስቀረሁት። ያን ስም ቆሻሻ ውስጥ ማየት አልቻልኩም።

ሃያ አንደኛው ቀን ያ ማክሰኞ ነው። አሥራ አንዱም ጠዋት ተፈለፈሉ። ልጆቹ ሲቦርቁ እኔ ሆዴን ይዤ ቆሜያለሁ...

ልጄ ከነጋ አልተንቀሳቀሰችም።

ሁሉም ለምሳ ሲወጡ ኤርምያስ ጋ ደወልኩ።

«ሆስፒታል ውሰደኝ።»

«ከሳንሆዜ ወጥቻለሁ። ትራፊክ ነው፣ ወይኒ... ፎርቲ ሚኒትስ። ነርሷን ኮል አድርገሻታል?»

«አድርጌያለሁ። ቶሎ ነይ ብላኛለች።»

«መጣሁ። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ከእኔ ጋር የቀረችው ተማሪያችን ብሩክታዊት ብቻ ናት፤ ጫጩቶቹን ትታ መሄድ አልሆነላትም። ቤተሰቦቿ የእኛው አገር ሰዎች ናቸው። አማርኛ ትሰማለች እንጂ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

«ቲቸር...» አለች በሹክሹክታ። «ሉክ። ኢትስ ሙቪንግ።»

ዞር አልኩ።

ባዶው እንቁላል ይወዛወዛል።

ሆዴን ተጫንኩ። ሆዴ ዝም... እንቁላሉ ተወዛወዘ።

ደግሜ ተጫንኩ። ሆዴ ዝም... እንቁላሉ ተወዛወዘ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይላሉ። እርጉዟ ራሷ ሲጨንቃት ምን እንደምታደርግ ግን የሚናገር ተረት የለም። ሌላ ሰው ሮጦ ይወጣ ነበር። እኔ እንቁላሉን አውጥቼ ሆዴ ላይ ለጠፍኩት።

«ምትኬ... ነይ ልጄ። ነይ እናቴ።»

እንቁላሉ ቀጥ አለ።

ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

አለቀስኩ። እመቤቴን አመሰገንኩ። ለኤርምያስ ልነግረው ስልኬን አነሳሁ...

ከዚያ ገባኝ። እርግጫ አይደለም።

ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ።

ቀጭን፣ ሹል ነገር ነው። አንድ ቦታ ጠቅ ያደርግና ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ጫጩት ቅርፊቱን በመንቁሩ ዙሪያውን እየሰበረ እንደሚወጣ ጠዋት ለልጆቹ ያሳየሁት እኔው ነኝ።

እምብርቴን እየዞረ ነው።

በስሟ ጠርቻት ነበር። በዚያ ስም የሚጠሩት ግን ሁለት ነበሩ።

ብሩክታዊት እንቁላሉን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችው። ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ብዙ አዳመጠች...

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ቲቸር» አለች፣ ጥርት ባለ አማርኛ። «እያለቀሰች ነው።»