ሦስተኛው ዘፈን ሳያልቅ

ልብስ ሰፊዋ ከመድረኩ ጀርባ፣ ከብረቱ ደረጃ ሥር በጀርባዋ ወድቃ ሞታ ተገኘች። ከመድረኩ ወዲያ አምስት ሺህ ሰው በበጋ ፀሐይ ይጨፍር ነበር፤ አንድም ሰው ግን የት ደረሰች ብሎ አልፈለጋትም።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሜዳው ባዶ ሆኖ የተረገጠ የውሃ ፕላስቲክ ብቻ ቀርቶበታል። ከሟቿ አጠገብ ተንበርክካ ቦርሳዋን ከፈተች። አንድ የመግቢያ ትኬት፣ አንድ የአውቶቡስ ትኬት፣ ለአንድ ሰው የሚሆን ዳቦ። ስልኳ ላይ የመጨረሻው ጥሪ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ እሱም ከቀጣሪዋ ነው። ኢንስፔክተሯ ወደዚያው ደወለች።

«ብቻዋን ኗሪ፣ ዝምተኛ ሴት ነበረች» አለች ቀጣሪዋ። «የዛሬው ዘፋኝ በሬዲዮ ሲዘፍን ግን የስፌት መኪናዋን ታቆማለች። ሥራ ቢቆለል፣ እኔ ብቆጣ፣ ዘፈኑ ሳያልቅ መርፌ አትነካም። የት ጋ እንደሚተነፍስ እንኳ ታውቃለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአካል ላየው ስትል ኖረች።»

በሟቿ ጥቁር ጃኬት ደረት ላይ ቡናማ ቅባት የመዳፍ ቅርጽ ትቷል። ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አለ ኮንስታብሉ፣ በካቴና የታሰረውን ሽማግሌ ጥበቃ እያሳየ። «የኋላው በር ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው።»

ሽማግሌው የታሰሩ እጆቹን ወደ ኢንስፔክተሯ ዘረጋ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ልጄ! ሦስተኛው ዘፈን ሲጀመር አሳዘነችኝና አስገባኋት። ቆልፌ ውጭ ቆምኩ። ብረቱ ሲንጓጓ ሰምቼ ብከፍት ወድቃለች። ዘፈኑ ገና አላለቀም ነበር።»

«ሌላ ማን ነበር ውስጥ?»

«ማንም! ዘፋኙ እንደሆነ መድረክ ላይ ሲዘፍን ይሰማል።»

የዘፋኙ ታናሽ ወንድም ሥራ አስኪያጁም ነው። በዚያ ሰዓት ከአዘጋጆቹ ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ እንደነበር ሦስት ሰው መሰከረለት። የድምፅ ባለሙያው ደግሞ በሕዝቡ መካከል ካለው ጠረጴዛው አልተነሳም።

«ዘፋኙ አላቋረጠም?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«አንዲት ቃል አላቋረጠም!» አለ መሬት መሬት እያየ። «መድረኩ ላይ ጢስ ለቅቄ ስለነበር አይታይም እንጂ ድምፁ እንደ ምንጭ ይፈስ ነበር።»

ዘፋኙን በልብስ መቀየሪያው ክፍል፣ መስታወት ፊት አገኘችው። ባንዱን ከበተነ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ብቻውን ይመጣል፣ ብቻውን ይሄዳል። አንገቱን በስካርፍ ጠቅልሏል።

«ሴትየዋን አይተዋታል?»

«አላየኋትም» አለ በሹክሹክታ።

ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማይክ አንስታ ክዳኑን ፈታች። ባትሪ የለውም፤ የባትሪው ቦታ ዝጓል።

ወዲያው ሁሉንም መድረኩ ላይ ሰበሰበች። አስቀድማ የሽማግሌውን ካቴና አስፈታች።

«ዘፈኑ ስለተሰማ ዘፋኙ መድረክ ላይ ነበር አላችሁ» ብላ ጀመረች። «እኔ የተሰማውንና የታየውን ለየሁት። ጢስ ስለነበር ማንም አላየውም። የተሰማው ደግሞ ቅጂ ነው፤ ይህ ማይክ ከሞተ ቆይቷል። ሟቿ በስልኳ የቀረጸችውን ቪዲዮ አየሁት፤ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ዘፋኙ ማይኩን ከአፉ ያርቃል፣ ድምፁ ግን ይቀጥላል። ቀረጻዋን እዚያው አቁማ ወደ ኋላው በር ሄደች። ውስጥ ሌላ ሰው የለም፤ ከመድረኩ ወደ ደረጃው የሚያወጣው መንገድ ግን ክፍት ነው። ጃኬቷ ላይ የታተመው የመድረክ የፊት ቅባት ነው። ከእናንተ መካከል ፊቱን የተቀባው አንድ ሰው ነው።»

«ቅጂውን የምለቀው እኔ ነኝ» አለ የድምፅ ባለሙያው ላብ እያጠመቀው። «ወንድምየው ምስጢር እንድጠብቅ አስምሎኛል። ሰው መሞቱን ግን ከእናንተ እኩል ነው የሰማሁት።»

ወንድምየው አቀረቀረ። ዘፋኙ ስካርፉን ፈታ። የወጣው ድምፅ የተሰነጠቀ ሹክሹክታ ነበር።

«ድምፄ አይመለስም ብሎኛል ሐኪሙ። በጢሱ መሐል ትንፋሽ ልሰበስብ ወደ ደረጃው ብወጣ ቆማለች። ‹የምትዘፍነው አንተ እንዳልሆንክ አውቃለሁ› አለችኝና እጇን ዘረጋች። ልታጋልጠኝ መሰለኝ፤ አላስጨረስኳትም። ገፋኋት። ተመልሼም ለሕዝቡ አፌን ከፈትኩ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባቴ፣ በሩ ላይ ምን ብላዎት ነው ያሳዘነችዎት?»

ሽማግሌው ካቴና የላጠውን እጁን እያሻሸ መለሰ። «የተናገረችው አልገባኝም ነበር። ‹ድምፁ ጠፍቶበታል። ማንም አላወቀልኝም ብሎ ብቻውን እየነደደ ነው። እኔ እንዳወቅኩለት፣ አውቄም እንዳልጠላሁት ልንገረውና ልሂድ› አለችኝ።»

ዘፋኙ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ኮንስታብሉ ሲያነሳው እንደ ሕፃን ተከተለው።

አስከሬኗን ሲያነሱ ኢንስፔክተሯ ቅጹን ዘርግታ «የቅርብ ዘመድ» ከሚለው መስመር ላይ እስክሪብቶዋን አቆመች። ቀጣሪዋ ማንንም አታውቅላትም።

«ክፍቱን ከሚቀር የእኔን ስም ጻፊው፣ ልጄ» አለ ሽማግሌው። «በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። እኔው እቀብራታለሁ።»