ቀበቶውን ያጠበቀ እጅ

ሻምፒዮኑ በተዘጋው ጋራዥ ውስጥ፣ የእሽቅድምድም መኪናው ወንበር ላይ ዐይኑን እንደ ጨፈነ ሞቶ ተገኘ። ሞተሩ ነዳጁን ጨርሶ ጠፍቷል፤ ጭሱ ግን ገና ጉሮሮ ይከረክራል። ተመልካች ለፍጥነቱ «አይጠብቄ» እያለ የሚጨፍርለት ሰው፣ አሁን በቀበቶ ተጠፍሮ ንቅንቅ አይልም።

መርማሪው ጎንበስ ብሎ በትከሻ ቀበቶው ሥር ጣቱን ሊያስገባ ሞከረ። አልገባም። የተረፈው የቀበቶ ጫፍ ደግሞ ወገቡ ላይ ካለው ማሰሪያ ሥር ተሸጉጧል። «ነፍስህን ይማር» አለና ቀና አለ።

በሩ ላይ የሟቹ ሚስት ዋናውን መካኒክ ልትቧጭረው ትታገላለች። ጋራዡን የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ስለሆነ ካቴና ቀድሞ ገብቶለታል።

«ገዳይ! ባሌን በጭስ አፈንከው!»

«እትዬ፣ እባክዎ፣ ልጄ ትሰማለች» አለ መካኒኩ። ልብስ ልታቀብለው የመጣችው ትልቋ ልጁ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ወጣች።

«ቁልፉ የት ነው የሚያድረው?» አለ መርማሪው።

«ከበሩ ውጭ ሚስማር ላይ። ያሻው ያነሣዋል።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የቡድኑ ሁለተኛ ነጂ፣ ከግድግዳው ሳይላቀቅ ሳቀ። «ምን ያደክምዎታል? ከውድድር በፊት መኪናው ውስጥ ብቻውን መቀመጥ ልማዱ ነው። ወይ ኑሮ መሮት ሞተሩን አስነሣ፣ ወይ ይሄ ዘይታም አስነሥቶ ዘጋበት።»

«የትከሻውን ቀበቶ ነጂ ራሱ ማጥበቅ ይችላል?»

«ወንበሩ ውስጥ ተሰክቶ ክንዱ መቼ ይታዘዘዋል?» አለ መካኒኩ። «ከላይ ቆሞ የሚስብ ሰው ይፈልጋል። ለእሱ ሁሌም የምስበው እኔ ነኝ።»

«በለው! በገዛ አፉ ራሱን አሳሰረ!» አለ ወንድምየው።

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም በሟቹ ደምና በውሃ ኮዳው ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ማግኘቱን ተናገረ። መርማሪው ሦስቱንም በሁለተኛው መኪና ዙሪያ ሰብስቦ አንድ ፖሊስ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ፤ መካኒኩንም አስፈታው።

«ሊወዳደር ነው ብላችሁ በየተራ እሰሩልኝ።»

ሚስትየው የቱ የት እንደሚገባ ጠፍቷት ተወችው። መካኒኩ ጉልበቱን መኪናው ላይ ደግፎ ሳበ፤ ፖሊሱ «ኧረ ጎድኔን!» ሲል ቀበቶውን ለቀቀና ወደ ኋላ አለ። ጫፉ ተንጠልጥሎ ቀረ። ወንድምየው «የልጆች ጨዋታ» እያለ ሳበና ጫፉን ከወገብ ማሰሪያው ሥር ሸጎጠ።

«ይበቃል» አለ መርማሪው። «ሟቹ መድኃኒቱን ጠጥቶ ተኝቶ ነበር። የተኛ ሰው አይታጠቅም፤ ነቅቶም ቢሆን ትከሻውን ራሱ አያጠብቅም። ስለዚህ ያሰረው ሌላ ሰው ነው፤ ጥርጣሬው መካኒኩ ላይ እንዲወድቅ። እመቤቲቱ ማሰሩን አያውቁበትም።»

«እያስመሰለች ቢሆንስ?» አለ ወንድምየው።

«ይሁን። ግን እሳቸውም ሆኑ መካኒኩ ያንን ጫፍ ለምን ይሸጉጡታል? መካኒክ ስቦ ይለቃል፤ መሸጎጥ የነጂ ሥራ ነው፤ ነፋስ እያነሣ አንገቱን ስለሚገርፈው። በቆመ መኪና ውስጥ ምን ነፋስ አለ? እጅዎ በልማዱ ሠራው። አሁንም ሠራው። ሟቹ ተኝቷል፤ ከእርስዎ ሌላ እዚህ ቤት ነጂ ማን አለ?»

ወንድምየው እጁን እንደ ባዳ አየው። ከዚያ ድምፁ ፈነዳ።

«‹ወንድምህን አሳልፈው!› ይሉኛል በየውድድሩ! ፍሬን እየያዝኩ አሳለፍኩት፤ ዋንጫ ያነሣው በእኔ ፍሬን ነው! ዘንድሮ አቆማለሁ ሲል ተራዬ ደረሰ አልኩ። ትናንት ‹አንድ ዓመት ልጨምር ነው› አለኝ። እየሳቀ!»

ፖሊሱ ከወንበሩ ወጥቶ ይዞት ሄደ።

ሚስትየው ወደ መካኒኩ ዞረች። «ይቅር በለኝ።»

«ገዳይ ያልሽኝ ልጄ ፊት ነው» አለ፤ «እትዬ» ማለቱ ቀርቷል። «እዚህ ሆነሽ ይቅርታ ብትዪኝ ምን ያደርግልኛል? ቤት መጥተሽ ስታለቅስ ለዋለችው ልጅ ንገሪያት።»

«ምራኝ» አለች።

መካኒኩ ቀድሞ ወጣ፤ እሷም መሐረቧን እንደ ጨበጠች ከኋላው ተከተለች።