ጤነኛው ብርድ ልብስ

የደም ግፊት መለኪያው ብርድ ልብሱን ጤነኛ ነው አለው።

ልጅቷ ዓይኗን አላመነችም። ብርድ ልብሱን በክንድ ልክ ጠቅልላ፣ የመለኪያውን ጨርቅ ዙሪያውን ጠምጥማ ቁልፉን የተጫነችው ለጨዋታ ነበር። አያቷ ሻወር ገብተው ስለነበር ከልካይ አልነበራትም። መሣሪያው እንደ ልማዱ እያጉረመረመ ተነፋ፣ ተነፈሰ፣ ከዚያም መቶ ሃያ በሰማንያ ብሎ ዐረፈው። የልብ ምት ሳይቀር ቆጠረለት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ትራሱን ለካችው፤ መቶ ሃያ በሰማንያ። የጠረጴዛውን እግር ለካችው፤ እሱም ምንም አላመመውም።

ጠረጴዛው ላይ ስትደርስ ሳቋ ጠፋ። አያቷ ይህን ዕቃ ከገዙ ወዲህ የሰፈሩን ሰው ሁሉ የለኩት በዚሁ ነው።

አያቷ ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። ጡረታ ወጥተው ቤት መዋል ሲጀምሩ መላው ጠፍቷቸው ነበር። ከቴሌቪዥኑ ጋር ይጣላሉ፣ ያልተበላሸ ቧንቧ ይፈታሉ፣ የልጃቸውን ድስት እየከፈቱ ጨው ይጨምራሉ። መለኪያው ሲመጣ ግን ነፍስ ዘሩ። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ወንበር ደርድረው ይቀመጣሉ፤ ጎረቤቱም እጅጌውን እየሰበሰበ ይመጣል። የልጅ ልጃቸውን «ረዳቴ» ነው የሚሏት፤ ወረፋ የምታስከብረው እሷ ናት። ቁጥሩን የሚያነቡት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ያውም ፌርማታ የሚጠሩ ይመስል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ሰው ሁሉ መቶ ሃያ በሰማንያ መሆኑ ማንንም አላስገረመም። ደህና ነህ የተባለ ሰው መቼም ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ከሁሉም ያስደነገጣት የልብስ ሰፊዋ ጎረቤታቸው ነገር ነው። ሴትዮዋ ግፊት አለባቸው፤ ኪኒን ሲውጡ ነው የኖሩት። ዛሬ ጠዋት ግን ክንዳቸውን እየሰጡ «ዕድሜ ይስጥልኝ ጋሼ፣ ይኸው ወርዶልኛል፤ ኪኒኑንም ትቼዋለሁ» ብለው ነበር። አያቷም ኮራ ብለው ተቀምጠው ነበር።

መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ የፈሪ ሐሳብ ነበር። ባትሪዎቹን አውጥታ ኪሷ ከተተቻቸው። መሣሪያው ተበላሸ ይባላል፣ አያቷም ሰው ፊት አያፍሩም፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። አያቷ ከሻወር ወጥተው ቁልፉን ሲጫኑት በእርግጥም ዝም አላቸው። እሳቸው ግን ምን ገዷቸው፤ የግድግዳውን ሰዓትና የሬዲዮአቸውን ባትሪ ነቃቅለው አስገቡለት። ሰዓቱ ቆመ፣ ሬዲዮው ድምፁ ጠፋ፣ መለኪያው ተነሣ። እያፏጩ የነገውን ወንበር መደርደር ጀመሩ።

ልጅቷ ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ከሸማቾች መብት ተሟጋች ማኅበር የመጡ ሰዎች በቅርቡ ትምህርት ቤታቸው ስለ አደገኛ ዕቃዎች አስተምረው ነበር፤ ቁጥራቸውንም ይዛዋለች። ደወለች።

ያነሡት ሴት የመለኪያውን ስም፣ የተገዛበትን ሱቅ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ በትዕግሥት ጠየቋት። ብርድ ልብሱ ጋ ሲደርሱ እንደ መሳቅ ብለው፣ ባለፈው ደግሞ አንድ ሰው በዚሁ መለኪያ የዳቦ ግፊት ለክቶ እንደደወለላቸው ነገሯት። ዕቃውን ወደ ማኅበሩ ብታመጣው ከትክክለኛ መለኪያ ጋር ይፈተሻል፤ ጥፋቱ ከተረጋገጠም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከየሱቁ እስኪያስነሣው ድረስ ይሟገታሉ። ልጅቷን ቀለል አላት። ከዚያ ስለ ልብስ ሰፊዋ ነገረቻቸው።

የማኅበሩ ሴት ቀልዱን ተዉት። «ይኼኛው የእኛን ፍተሻ አይጠብቅም። ዛሬውኑ ይነገራቸው። ጤና ጣቢያ ሄደው ይለኩ፤ የኪኒኑንም ነገር ሐኪም ያማክሩ።»

«እናንተ ብትደውሉላቸው አይሻልም? አያቴ እኮ በጣም ነው የሚያፍሩት።»

«እኛ ደጃቸውን አናውቀውም የኔ ልጅ» አሉ ሴትዮዋ ለስለስ ብለው። «አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ስትመለስ አያቷ በረንዳው ላይ መለኪያውን በመሐረብ እየወለወሉ ነበር። ማለሳለሻ ቃል ብትፈልግ ብትፈልግ አጣች።

«አባባ፣ ይሄ ነገር ፎርጅድ ነው። ብርድ ልብስ ለክቼበት ጤነኛ ነው አለኝ።»

አያቷ ከት ብለው ሳቁ። የዘመኑ ልጅ በሽማግሌ መቀለድ እንደሚወድ ተናገሩ። ቢሆንም ጨርቁን በወንበራቸው መደገፊያ ላይ ጠምጥመው ቁልፉን ተጫኑ። ቁጥሩ ሲወጣ ሳቃቸው ቆመ። ፈትተው፣ አጥብቀው፣ እንደገና ለኩት። ያው ነው። ሁልጊዜ የሚቀልዱት ሰው ድንገት አርጅተው ታዩአትና አንጀቷን በሉት።

«ፍሬን በሌለው መኪና ነዋ ሰው ስጭን የከረምኩት» አሉ ቀስ ብለው።

«እርስዎ ምን ያድርጉ፤ የሸጡልዎት ናቸው እንጂ።» ስለ ስልኩ ሁሉንም ነገረቻቸው። አያቷ አልተቆጡም፤ ዕቃውን ራሳቸው ተሸክመው ማኅበሩ ድረስ እንደሚያደርሱት፣ ሱቁንም በስሙ እንደሚናገሩ ማሉ። የልብስ ሰፊዋ ነገር ሲነሣ ግን ፊታቸውን ወደ ጓሮው አዞሩ።

«ነገ ጠዋት ሲመጡ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

ነገ ጠዋት በረንዳው በሰው ይሞላል። አያቷ ያን ሁሉ ሰው እያዩ አፋቸውን መክፈት ይከብዳቸዋል፤ ልብስ ሰፊዋም አንድ ሌሊት ያለ ኪኒን ያድራሉ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማሰር ጀመረች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«እሳቸው ጋ። አብረውኝ ቢመጡ ደስ ይለኛል። ካልመጡም እሄዳለሁ።»

አያቷ ሹፌሩን ትቶ የሚነሣ ረዳት አይተው እንደማያውቁ እያጉተመተሙ ገብተው ኮታቸውን አመጡ። የኮቱን ቁልፎች አዛንፈው ነበር የቆለፉት፤ መንገድ ላይ አስተካከለችላቸው። አጥሩን አልፈው፣ ከተሰጣው ልብስ ሥር ጎንበስ ብለው ሾልከው ከልብስ ሰፊዋ በር ደረሱ። የስፌት መኪናው ድምፅ ከውስጥ ይሰማል፤ ሴትዮዋ ከሥራው ጋር ያንጎራጉራሉ።

አያቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኮሌታቸውን አቃኑ። ጉሮሯቸውን እንደገና ጠረጉ፤ እጃቸው ግን ከኪሳቸው አልወጣም። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞር ብለው አዩአት። አሁን «በቃ እንመለስ» ብትላቸው እንደሚመርቋት ታውቃለች።

በሩን አንኳኳች።

ከውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።